የጓጎለ ዱቄት

ውድ እትዬ፣

እንደምን አለሽ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ አንጀቴ እምቢ አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስደውል ስላላነሳሽ ጻፍኩልሽ። ይህን ደግሞ እስከ መጨረሻው ታነቢዋለሽ።

ሥራውን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። የማጓጓዣ ቀበቶ የሚሠራው የጎማ ፋብሪካ የገባሁ ቀን ላቦራቶሪሽ ውስጥ አስቀምጠሽ አንድ ማንኪያ ነጭ የሸክላ ዱቄት መዳፌ ላይ አፈሰስሽልኝ። «ይሄ ናኖ ነው» አልሽኝ። «ፍሬው ከፀጉርሽ ውፍረት በብዙ ሺህ እጅ ያንሳል። የተፈጥሮውንና ሰው ሠራሹን ጎማ አንድ ላይ አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው። በደንብ ከተሰራጨ ቀበቶው ድንጋይ ይሸከማል። ከጓጎለ ግን ባትጨምሪው ይሻላል፤ በጓጎለበት ይቀደዳል።»

ሠራተኛው ሁሉ «ዳኛዋ» ይልሽ ነበር። ያልተዋሐደ ቅልቅል በአንቺ እጅ አያልፍም። አንዴ የእኔን አርባ ኪሎ ቅልቅል ሰው ፊት መለስሽብኝ። እንባዬን እየጠረግኩ ወደ ማሽኔ ሄድኩ፤ በልቤ ግን ኮርቼብሽ ነበር።

ታዲያ ያቺ ሴት የት ገባች?

ለአንድ የድንጋይ መፍጫ ድርጅት ቀበቶ ሲታዘዝ፣ ሥራ አስኪያጁ የማደባለቂያውን ጊዜ ከአሥራ ስምንት ደቂቃ ወደ ስምንት አወረደው። እየሮጥኩ ወደ አንቺ መጣሁ። የቆረጥኩትን ጎማ መብራት ላይ ያዝኩልሽ፤ ነጫጭ ነጥቦቹ በዓይን ይታዩ ነበር።

«እትዬ፣ ጓጉሏል። እዪው።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ በቀኑ ካላደረስን ውሉ ይፈርሳል፤ ሁለታችንም እቤታችን ነን። ዝም በይና ሥራሽን ሥሪ።»

ዝም አልኩ። ይህ ጥፋቴ ነው፤ አልክደውም። አንቺ ግን ዝም በማለት ብቻ አላበቃሽም። ከድሮው ጥሩ ቅልቅል የተረፈ ቁራጭ ጥንካሬ የሚፈተንበት መለጠጫ ማሽን ላይ አሰርሽ። እሱ ፈተናውን ሲያልፍ፣ የአዲሱን ቀበቶ የጥራት ማረጋገጫ ወረቀት ፈረምሽ።

ቀበቶው መፍጫው ላይ በተገጠመ በአሥራ አንደኛው ቀን ተበጠሰ። ከጎኑ ቆሞ ድንጋይ የሚለየውን ሰውዬ ጎትቶ ከሚሽከረከረው ሮለር ጋር አጣበቀው፤ ሐኪሞቹ ቀኝ ክንዱን ከክርኑ በላይ ቆረጡት።

ስብሰባው ላይ ሥራ አስኪያጁ «የማደባለቂያ ሠራተኛዋ ቸልተኝነት ነው» ሲል አንቺ ከአጠገቡ ተቀምጠሻል። ዓይንሽን ፈለግኩት። እስክሪብቶሽን ትከፍቻለሽ፣ ትዘጊያለሽ። የእናትሽ ልጅ በሰው ፊት ስትዋረድ እስክሪብቶ! ምነው እትዬ? «እሷስ ነግራኝ ነበር» ማለት ይህን ያህል ይከብዳል? ስምሽን ለማትረፍ የእኔን ስም ስትሰጪ ትንሽ እንኳ አልጎረበጠሽም?

እንግዲህ ስሚ። ከየቅልቅሉ ቁራጭ እየቆረጥኩ፣ ቀኑን ጽፌ እንደማስቀምጥ ረስተሻል። ባለፈው ሐሙስ አደጋውን ለሚያጣሩት መርማሪዎች ሰጠኋቸው። እዚያው ፊቴ ለጠጡት፤ ከሚገባው ኃይል ግማሹ ላይ እንኳ ሳይደርስ ተበጠሰ። ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ ታገደ። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የማን እንደሆነም ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እናታችን «እህትሽን አሳልፈሽ ሰጠሽ» ብላ ፊቷን አዙራብኛለች። አንቺ እኔን ስትሰጪ ግን ማንም ምንም አላለም።

ትናንት ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ሰውዬው በግራ እጁ ማንኪያ መያዝ እየተለማመደ ነው፤ ሾርባው ደረቱ ላይ ፈስሷል። ከየት እንደመጣሁ ስነግረው ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም።

«ደህና ነው ብሎ የፈረመው ማን ነው?» አለኝ። «ምንም አላደርገውም፣ ምንስ ላደርገው እችላለሁ? ፊቱን ማየት ብቻ ነው የምፈልገው።»

ስምሽ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። አዝኜልሽ እንዳይመስልሽ። ከእኔ አፍ ሳይሆን ካንቺ መስማት ስላለበት ነው።

ጠያቂ የሚገባው ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ነው። አልጋው በመስኮቱ በኩል ሁለተኛው ነው። ከእሱ ዘንድ የተመለስሽ ቀን ደጄ ክፍት ነው፤ ከዚያ በፊት እንዳትመጪ።

ታናሽሽ