ለጥበቡ መንጠቆ የሚሆን እርሳስ

ግንቦት 4

ዝናብ። ስምንተኛ ክፍሎችን ፈተንኩ። ግማሾቹ አልመጡም፣ መንገዱ ጭቃ ነው።

ቤት ስገባ ባሌ በረንዳው ላይ ነው። ጠዋት ትቼው የወጣሁበት ወንበር ላይ። ምሳውን አልነካም። «የባምላኩ መኪና አሁን ከቴፒ ገባች፣ ፍሬኗ ያፏጫል» አለኝ። የዛሬ ወሬው ይቺው ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሚኒባስ የነዳው ጥበቡ፣ ዛሬ ተቀምጦ መኪና በድምፅ ይለያል። የግራ ዓይኑ ጠፋ፣ ሐኪሙ መንዳት ይብቃህ አለው፣ መኪናዋን ሸጥናት። ይኸው ስድስት ወር። ሰው እንዲህ ቁጭ ብሎ ያልቃል እንዴ? ፈርቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለዚህ ደብተር ብቻ።

ግንቦት 6

ጎረቤታችን አቶ ጴጥሮስ ጥበቡን ወንዝ ይዘውት ወረዱ። ለምነው ሳይሆን ጎትተው ነው። ዓሣ አልያዙም። ሲመለስ ግን ተናዶ ነበር! «ድንጋይ አስረን ስንጥል ይፈታል። ክሩን ውሃው ይዞት ይሄዳል። እርሳስ ቀልጦ ቢንጠለጠልበት ኖሮ...»

ቢንጠለጠልበት ኖሮ! ይሄ ሰው አንድ ነገር ተመኘ። እርሳስ ነው የጎደለው? እፈልግለታለሁ።

ግንቦት 9

ቅዳሜ። መጀመሪያ ቆራሌው ጋ ሄድኩ። የተሰነጠቀ የመኪና ባትሪ አወጣልኝ። «ውስጡ እርሳስ ብቻ ነው እናቴ። በመዶሻ ሰብረሽ ማውጣት ነው፣ በርካሽ ውሰጂው።» እውነትም ርካሽ ነበር፣ ልገዛው ዳድቶኝ ነበር። አሲዱስ? ዱቄቱስ? ግቢዬ አስገብቼ ልተንፍሰው? ተውኩት።

ከዚያ ሬድዋን ትዝ አለኝ። ሰባተኛ ክፍል ያስተማርኩት፣ አሁን ጎሚስታ የሆነው። ለምን እንደፈለግኩት ስነግረው የዘይት ጣሳ ሙሉ ይዞ መጣ። ከአሮጌ ቸርኬ ላይ የነቀላቸው፣ ጎማ እንዳይርገበገብ የሚሰኩ የባላንስ እርሳሶች። መጣሉ አላስችለው ብሎ ያጠራቀማቸው ናቸው።

«ስንት ልስጥህ?»

«ቲቸር፣ ለጋሽ ጥበቡ ከሆነማ አልሸጥም። መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው አይደሉም እንዴ?»

ባጃጅ ውስጥ ጣሳውን እንደ ሕፃን ታቅፌ መጣሁ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚሉት እውነት ነው።

ግንቦት 11

ዝናብ። ጥበቡ እርሳሶቹን አንድ በአንድ እያነሳ ከየትኛው መኪና እንደተነቀሉ ሊነግረኝ ሞከረ። አላመንኩትም። ግን ደስ ይላል።

ግንቦት 16

ክንዴ ያቃጥለኛል። ቢሆንም ልጻፈው።

አቶ ጴጥሮስ «እርሳሱን አቅልጣችሁ ቀርከሃ ውስጥ አፍስሱት፣ ቅርጽ ይይዛል» ብለው ነበር። ጠዋት ከአጥሩ ሥር አንድ ቀጭን ቀርከሃ ቆረጥኩ፣ በየአንጓው ከፋፍዬ አሸዋ ላይ አቆምኩት። ቁርጥራጩ እርሳስ ከሰል ላይ፣ ከእንግዲህ ምግብ በማይነካ አሮጌ መጥበሻ፣ ቶሎ ቀለጠ። እርሳሶቹን ከቸርኬ ጋር ያያያዙት የብረት መቆንጠጫዎች ተንሳፈፉ፣ ለቀምኳቸው። ጥበቡ አጠገቤ ተቀምጦ «ቀስ በይ» ይላል። አፈሰስኩ።

ጧ!

ተረጨ። ጥበቡ መቼ እንደተነሳ አላየሁም፣ ወገቤን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ። ክንዴ ሁለት ቦታ ተቃጥሏል። ቀና ብዬ ሳየው መነጽሩ ላይ ምስር የምታክል እርሳስ ተጣብቃለች። በቀኙ በኩል። በቀረችው አንዷ ዓይን በኩል! «ሽማግሌ ያስመስለኛል» እያለ የሚያወልቀው መነጽር፣ ዛሬ ጠዋት ተጨቃጭቄ ያስደረግኩት... መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱ ደግሞ እኔን ያባብላል።

አቶ ጴጥሮስ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ቀርከሃውን ዳበሱት።

«ይሄ እርጥብ ነው እኮ! እርጥብ ቀርከሃ እሳት ሲያገኘው ይፈነዳል። እኔ ባደግኩበት አገር ይሄን ልጅም ያውቃል። እኔ ያልኩት ከምድጃ በላይ ሰንብቶ ጭስ የጠጣውን ነው።»

ውሃ ሲሞቅ ተን ይሆናል፣ ተን መውጫ ካጣ ይገፋል እያልኩ ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩ ሴት! የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

ግንቦት 17

ቅዳሴ አስቀደስኩ። የምለምነው ጠፋኝ። ዓይኑን ስላተረፍክልኝ ተመስገን፣ ተመስገን ብቻ እያልኩ ቆምኩ።

ግንቦት 24

አቶ ጴጥሮስ ከቤታቸው ቆጥ ላይ ያወረዱትን ቀርከሃ አመጡ። በጭስ ጠቁሯል፣ ሲመቱት ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል። የቀለጠውን እርሳስ የምቀዳበትን ማንኪያ ላነሳ ስል ጥበቡ ከእጄ ቀማኝ።

«አንቺ ራቂ። ይሄ የእኔ ሥራ ነው።»

አንድ ዓይን ይዞ እሳት ላይ? ልከራከረው ነበር። ግን ራቅ ብዬ ቆምኩ። መነጽሩን ራሱ አጠለቀ፣ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ተቀመጠ፣ እያንዳንዱን ቀርከሃ ጉንጩ ላይ አስነክቶ እርጥበት ፈተሸ። በየመሃሉ ሽቦ አቆመ፣ ለክሩ ቀዳዳ እንዲሆን። ሲቀዘቅዝ ቀርከሃውን በቢላ ሰነጠቀው። አሥራ አንድ! አንዱ ጠማማ ነው፣ እሱን ለአቶ ጴጥሮስ መረቀላቸው። ሁለቱም እንደ ልጅ ሳቁ። እጃቸውን ሦስት ጊዜ በሳሙና ሳይታጠቡ ምሳ አላቀረብኩም።

ግንቦት 28

ወንዝ ዋለ። ዓሣ የለም። ሁለት እርሳስ ድንጋይ ውስጥ ቀረበት። እራቱን እየበላ የወንዙን ወለል በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ሣለልኝ። ጥልቁ እዚህ፣ ድንጋዩ እዚያ... ሳህኑ መቼ ባዶ እንደሆነ ራሱም አላወቀም። እኔ ግን አይቻለሁ።

ሰኔ 7

ኩሽናው ያፈሳል። ጠዋት «ዛሬ ቆርቆሮውን የሚያይልን ሰው ፈልግልኝ» አልኩት። ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያሰረ ነበር። አቶ ጴጥሮስ በር ላይ ቆመዋል።

«ዛሬ ጊዜ የለኝም፣ ሳባ።»

ጊዜ የለኝም? ተናደድኩ። እሱ በሩን ዘግቶ ወጣ። ከዚያ ነው የገባኝ... ከታኅሣሥ ጀምሮ ከጊዜ በቀር ምንም ያልነበረው ሰው!

ሳፋውን ከሚያንጠባጥበው ሥር አስገባሁ። ብቻዬን ሳቅሁ፣ ትንሽም አለቀስኩ። ያፍስስ። ተመስገን፣ ያፍስስ።