ከስክሪኑ ያልወጣው ምልክት

ማክሰኞ
አይጠፋም። በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁት፣ በእርጥብ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ቀኝ ጥጉ ላይ የዜና ጣቢያው ምልክት፣ ታች ደግሞ ጽሑፍ የሚሮጥበት መስመር፣ ጣቢያ ብቀይርም እንደ ጥላ ተቀምጠዋል። ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ ድራማ ልታይ ገብታ፣ «ጋሽ ደምሴ፣ ይኼኛው ጣቢያ እዚያኛው ቤት ምን ይሠራል?» አለችኝ። «ተከራይቶ ነው» አልኳት። ሳቀች። ስትሄድ ሳቁም አብሯት ሄደ።

ቴሌቪዥኑ የእህቴ ልጅ የሰላም ነው። ሐዋሳ ሥራ አግኝታ ስትሄድ አደራ ብላ ተወችልኝ። እሑድ ትመጣለች።

የሚያስፈራኝ የስክሪኑ መበላሸት ብቻ አይደለም። በደወለች ቁጥር ድምፁን አጥፍቼ «ጎረቤላ ወርጄ ሰርግ ላይ ነኝ»፣ «ጫጫ ከተማ ከጓደኞቼ ጋር ነኝ» እላታለሁ። ምልክቱን ካየች ከጠዋት እስከ ማታ የት ተቀምጬ እንደምውል ታውቃለች።

ረቡዕ
ስልኬ ላይ ቪዲዮ ሳይ ዋልኩ። ሬዲዮ መጠገን በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ይኼ አያቅተኝም። የገባኝ ይኼ ነው፦ የማይንቀሳቀስ ነገር አንድ ቦታ ብዙ ሲቆይ ያ ቦታ ከሌላው ቀድሞ ይደክማል። ብርሃኑ ሲበዛ ይብሳል። እኔ ደግሞ እስከ ጥግ ለቅቄዋለሁ፤ ቤቱ ሰው ያለበት እንዲመስል። ቀነስኩት። ጣቢያ መቀያየር ጀመርኩ። ምሳ ላይ አጠፋሁት። የግድግዳው ሰዓት ይኼን ያህል ይጮኻል እንዴ?

ሐሙስ
ምንም ለውጥ የለም። እጄን ሰጥቼ ለሰላም ደወልኩ።
«አንድ ወዳጄ ቴሌቪዥኑ ላይ ምልክት ቀርቶበት…»
«ወዳጅህ ማታ ሶኬት ይነቅላል?»
«ይነቅላል እንጂ! መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃ እንደሚያቃጥል አታውቂም? ነቅሎ በዳንቴል ይሸፍነዋል።»
«ጋሼ! እሱ ዓይነት እኮ በሪሞት ከጠፋ በኋላ ነው ራሱን የሚያስተካክለው። ኤሌክትሪክ ከሌለው በምን ይሥራ? ስታቢላይዘር ላይ ሰክቶ ይተወው። ዳንቴሉንም ያንሳ።» ቀጥላ፣ «ወዳጅህ ግን ስንት ሰዓት ነው የሚያየው?»
«ኔትወርክ እየተቆራረጠ ነው» ብዬ ዘጋሁ።

ለካ በየማታው መድኃኒቱን የምነጥቀው እኔ ነኝ።

ዓርብ
ሶኬቱ እንደተሰካ አደረ። እኔም እሳት ይነሳል ብዬ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ጠዋት ከፈትኩት፤ የታችኛው መስመር ሳስቷል! እልል አልኩ። የሚሰማ ቢኖር አብደሃል ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ
ይረፍ ብዬ አጠፋሁት። ጋቢዬን ደርቤ ገበያ ወረድኩ። ብርዱ ፊት ይገርፋል። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ጋ ቆሜ ስከራከር ቆየሁ፤ ለመግዛት ሳይሆን ለማውራት። ገባት መሰለኝ፣ «አባባ፣ ወይ ይግዙ ወይ ይቀመጡ» አለችኝ። ተቀመጥኩ።

እሑድ
መጣች። መስመሩ ጠፍቷል፤ የጥጉ ምልክት ግን ነጭ ነገር ሲመጣ ትንሽ ይታያል። አውቄ ጨለማ የበዛበት ፊልም ከፈትኩላት። ሪሞቱን ከእጄ ወስዳ ስክሪኑን ነጭ አደረገችው። ጥጉን ብዙ አየችው።
«ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ብቻህን ነህ ማለት ነው?»
ቀልድ ፈለግሁ፣ አጣሁ። «አዎ» አልኳት።
ቴሌቪዥኑን አጠፋችው፤ ሶኬቱን አልነካችም። ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

ሰኞ
ልሸኛት ብነሳ ጫማዋን አላደረገችም። አለቃዋን አንድ ቀን አስፈቅዳለች። ነገ ትሄዳለች፣ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደምሆን አላውቅም። አሁን ግን ጓዳ ገብታ ድስት ታንኳኳለች። «ጋሼ፣ ጨው የት ነው?» ትላለች።

ሰምቻለሁ። አውቄ ዝም አልኩ፤ ደግማ ትጠይቀኝ።