ኦውንስን በሲኒ ለሰፈረልን ማኅበር

ብዕሩን የያዙት የኔታ ገብረ ኪዳን ናቸው፤ ቃሉ ግን የእኔ የአስናቀው ውበቴ ነው። ፊደል ባልቆጥርም ምላስ ከማንም አልተዋስሁም።

ለክቡር የጎህ አራሾች የአረም መድኃኒት አከፋፋይ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ቢቸና፦

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እርስዎም ወንበርዎም ደህና ሁኑልኝ፤ የእኔ ጤፍ ግን ደህና አይደለም።

አንደኛ፣ ከአሜሪካ የመጣውን የአረም መድኃኒት ስላደላችሁን እግዜር ይስጥልኝ። በጀርባ ለሚታዘል አንድ መርጫ ውሃ ሦስት ኦውንስ ይግባበት ተባልን። ኦውንስ ምንድን ነው ብንል፣ ባለሙያዎ ሳያፍር የቡና ሲኒ ማለት ነው ብሎ አስተማረን። እኔም ከታዘዝሁት የማላጎድል ሰው ነኝና ሦስት ሲኒ እስከ ገደፉ ሞልቼ በጠበጥሁ። አረሙ ደረቀ፤ ጤፉም አብሮት ደረቀ። እንዲህ አድልዎ የማያውቅ መድኃኒት በዕድሜዬ አላየሁም።

ሁለተኛ፣ ሞጣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው የእህቴ ልጅ ወይንእሸት፣ ኦውንስ የአሜሪካኖች ስፍር እንደሆነ፣ በእኛ ሚሊ ሲመነዘርም ሠላሳ እንኳ እንደማይሞላ ነገረችኝ። ነገሩ አልዋጥልኝ ቢል ሲኒዬን ውሃ ሞልታ በሠላሳ ሚሊዋ የሽሮፕ መስፈሪያ ገለበጠችው፤ ሁለቴ ሞልቶ ገና ተረፈ። ባለሙያዎ ቸር ሰው ኖሯል።

ሦስተኛውን ሳነሳ የኔታ ይለዝብ ብለውኛል፤ አይለዝብም። ጉዳቴን ላሳይ ብመጣ፣ እርስዎ በማኅበሩ ስብሰባ መካከል ቆመው «ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሞ ስፍር አሳስተው ነው» አሉ። በመንደራችን ወንድማማች እህል ሲካፈል ቁናውን የምይዘው እኔ ነበርሁ፤ ዘንድሮ ሌላ ሰው ጠሩ። ጤፍ ለከርሞ ይበቅላል፤ በአገር ፊት የረገፈ ስም በየትኛው ዝናብ ይበቅላል?

ስለዚህ፣ ክቡርነትዎ፣ እዚያው ስብሰባ ላይ ሕዝቡ እያየ ኦውንሱን በገዛ እጅዎ ይስፈሩ። ሲኒ ሆኖ ከተገኘ እኔ ዕውር ነኝ። ካልሆነ ግን «አስናቀው አልሳተም፤ የሳትነው እኛ ነን» ይበሉ። ከዚህ ያነሰ አልቀበልም።

ስፍርዎን እግዚአብሔር ያቅናልዎ፤ ሰውማ አልቻለም።

ጣቴን ቀለም ነክሬ ያተምሁ፣
አስናቀው ውበቴ
ጥቅምት 2001 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ለማጽናኛ ብለው የላኩልኝ አዲሱ የመድኃኒት ቆርቆሮ ሳይከፈት ተመልሶልዎታል። ለጓሮዎ ጎመን ይሁንልዎ፤ እንዳስተማሩን አድርገው ይርጩት። ሲደርቅ ስብሰባ ጠርተው የባለቤትዎን ዓይን ያስመርምሩ።

በሉ የኔታ፣ ያለዘቡት ቃል እንዳይኖር ከላይ ጀምረው ያንብቡልኝ።