ፊራኦልን ያሳቀው የስፒከሮቼ ታሪክ

ሃዋኒ፣

ለሥልጠና ባኮ መሄዴ ነው፤ ቅዳሜ እመለሳለሁ። በርሜሉን ሞልቼዋለሁ።

መብራት ሲሄድ ስፒከሮቼን ከሶኬት ንቀያቸው። ሲመለስ በኃይል ነው የሚመጣው፣ ያቃጥላቸዋል። አባዬ ጊንጪ የነበረውን የሬዲዮ መጠገኛ ሲዘጋ የሰጠኝ እንደሆኑ ታውቂያለሽ።

ታውቂያለሽ እንጂ! ስፒከሮቹን የሠራው የጃፓን ኩባንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በቦምብ በተመታ ሕንፃ ውስጥ ሬዲዮ እየጠገነ እንደተነሳ አባዬ ለእኔ አወራኝ፣ እኔ ደግሞ ለአንቺ። እሁድ ፊራኦል መጥቶ ስትተርኪለት በረንዳ ላይ ቆሜ ሰማሁሽ። የአባዬን ቀልድ እንኳ ሳትተዪ ነገርሽው። የእኔን ስም ግን አንዴም አላነሳሽም። እሱስ እንዴት ሳቀ! እኔን በር ላይ ሲያገኘኝ «አካም ጅርታ» ብሎ የሚያልፍ ሰውዬ።

ያን ሰዓት ከግቢው ሁሉ መብራት የጠፋው የእኛ ቤት ብቻ ነው። ቆጣሪው ያለው በረንዳው ላይ ነው።

ለመብራቱ ይቅርታ። ለሌላው እንጃ።

ደግሞ መጀመሪያ የሠሩት ሬዲዮ ነው ስትዪው ተሳስተሻል። ኩባንያው መጀመሪያ የሠራው ሬዲዮ አይደለም፤ የሩዝ ማብሰያ ነው። ሩዙን ወይ ያሳርረዋል ወይ ጥሬውን ይተወዋል፤ የሚገዛው ጠፋ። ከታሪኩ ሁሉ የሚያስቀው እሱ ነው። ለአንቺም ሳልነግርሽ ለፊራኦል ብዬ አስቀምጬው ነበር።

ይኸው ነገርኩሽ! ባጃጁ ክላክስ እያደረገ ነው፣ ሌላ ወረቀትም የለኝም።

ከመጣ ሙዚቃ ክፈቺለት። የሩዙን ነገር ግን እንዳትነግሪው።

አንዴ እንኳ እኔ ላስቀው።

ኡርጌ