ሐሙሴን ከተዘጋው መኪና ያወጣን ዕለት

ጌትዬ፣ የኔ ሸጋ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። እስከ ዛሬ መቃብርህ ድረስ እየመጣሁ ነበር የቤቱን ወሬ የምነግርህ። ያሁኑ ግን ረዥም ነው፤ ቆሜ የምጨርሰው አይደለም። ከቅዳሜ ጀምሮ ደረቴ ውስጥ ሲዘልል ሰንብቷል። ላገኘሁት ሰው ሁሉ አውርቼዋለሁ፤ ላንተ ሳልነግርህ ግን የነገርሁት አይመስለኝም። ስለዚህ ወንበሬን በረንዳ ላይ አውጥቼ፣ መነጽሬን አድርጌ ተቀምጫለሁ።

አስቀድሜ ልንገርህና ልብህ ይረፍ፤ ውሻህ ሐሙሴ ደህና ነው።

አንተ ከሄድህ ወዲህ ሰፈራችን ተለዋውጧል። ከበራችን ፊት ያለው መንገድ ኮብልስቶን ተነጥፎ ክረምት ከበጋ ጭቃ የለም። የተከልኸው ፓፓያ አፍርቶ ከኛ አልፎ ለጎረቤት ተርፏል። ጎረቤታችን ዘሃራም ልጆቿን ከዳረች በኋላ ቤት መዋል ሰልችቷት ሐይቁ ዳር፣ ጀልባዎቹ ከሚነሱበት አጠገብ፣ የቀዝቃዛ ውሃና የለስላሳ ሱቅ ከፍታለች። ትልቁ ወሬ ግን የዳዊት ነው። ልጃችን ለፋሲካ ከአዲስ አበባ የራሱን መኪና እየነዳ መጣ። በራችን ላይ ደርሶ ክላክሱን ሲያስጮኸው ሐሙሴ ያን እርጅናውን ረስቶ እየዘለለ ወጣ። አንተ የመጣህ መስሎታል። ዳዊት ሲወርድ አሽትቶት ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ እሱንም ተቀበለው።

ሐሙሴን ያመጣህበት ቀን አሁንም ፊቴ ላይ አለ። ከጎንደር ስትመለስ ሐሙሲት ሻይ ልትጠጣ ወርደህ፣ ገበያው መሐል የሚረጋገጥ ቡችላ አይተህ በጃኬትህ ጠቅልለህ መጣህ። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ውሻ ከደጅ አልፎ አይገባም ብዬ በሩ ላይ ቆምሁ። አንተ ግን ጃኬትህን ከፈት አድርገህ ያን ጆሮ ብቻ የሆነ ፊት አሳየኸኝና ሳቅህ። ከዚያ በኋላ አንተ ከሱ ጋር ግቢ ውስጥ፣ እኔ ከደጃፌ ወዲህ፣ እንዲሁ ተከባብረን ኖርን። ምግቡን እሰጠው ነበር፤ በእጄ ግን ነክቼው አላውቅም። ይህን አንተም ታውቃለህ።

ስለ ሚኒባስህም አስብ ነበር ሰሞኑን። ወረታ ላይ ለምሳ ስትቆም ተሳፋሪውን ሁሉ እንደምታወርድ ትዝ ይልሃል? የተኛውን ትቀሰቅሳለህ፤ ከወንበር ሥር የታሰሩትን ዶሮዎች ሳይቀር ጥላ ሥር ታስወርዳለህ። አንድ ጊዜ አብሬህ ስሄድ አንዲት ሴትዮ ‘ለዶሮ ደግሞ ምን ሽርሽር አስፈለገው’ ብላ ስታጉረመርም፣ ‘እማማ፣ ቆሞ የተዘጋ መኪና ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር አላስቀምጥም፤ እርስዎም ይውረዱ’ አልሃት። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ስቄ ነበር።

እንግዲህ ቅዳሜ የሆነውን ልንገርህ።

ሚያዝያ ነው፤ የባሕር ዳርን ሚያዝያ ታውቀዋለህ፤ ከረፋዱ ጀምሮ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። ዳዊት ‘እማዬ፣ ሐሙሴ የእብድ ውሻ ክትባቱ ሳያልፍበት እናስከትበው’ አለኝና በጠዋት ሦስታችንም ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ሄድን። ሐሙሴ የኋላ ወንበር ላይ እንደ ባላባት ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ነበር። ክትባቱን ወጋችው፤ ሐኪሟ ወጣት ናት፣ እጇ ቀላል ነው። ስንመለስ እኔ ገበያ ወረድሁ፤ ዳዊት ውሻውን ይዞ ወደ ቤት ሊሄድ፣ እኔም ቲማቲሜንና ዝንጅብሌን ገዝቼ ቀስ ብዬ በእግሬ ልመለስ ተስማማን።

መንገድ ላይ የልጅነት ጓደኞቹ አይተውት ኖሯል። ‘አምስት ደቂቃ’ ብለው ይዘውት ሐይቁ ዳር ወደ ጁስ ቤት ገቡ። መኪናውን ሾላው ሥር፣ ጥላ ላይ አቆመ። ለሐሙሴ ብሎ መስኮቱን ጣት የምታስገባ ያህል ከፍቶለታል። ክፋት አልነበረውም፣ ጌትዬ። ከጓደኞቹ ጋር ስንት ዘመን ተለያይተው ኖረዋል፤ ወሬ ወሬን ሲያመጣ ጊዜው ሄደ። ጥላውም ሄደ።

እኔ በሐይቁ ዳር መንገድ ስመጣ ያቺን የዳዊትን ነጭ መኪና ፀሐይ ላይ ቆማ አየኋት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዘንቢሌን ልጭንባት ነው። ስጠጋ የኋላው መስታወት በለሃጭ ተለውሷል። ሐሙሴ ወንበሩ ላይ ተዘርሯል፤ ምላሱ ወጥቶ ቀለሙ ጠቁሯል፤ ሆዱ ቶሎ ቶሎ ይነፋል። መስታወቱን መታሁት። ዓይኑ ክፍት ነው፤ ወደኔ ግን አላየም።

በሩን ሳብሁት፤ ተቆልፏል። ሁሉንም ዞርሁባቸው። በዚያች ጠባብ ክፍተት እጄን ላስገባ ስታገል የመኪና ጠባቂው ምናሉ እየሮጠ መጣ። ቀጠን ያለ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው።

‘እናቴ፣ ምን እያደረጉ ነው? የሰው ንብረት ነው’ አለኝ።

‘የልጄ ነው። ውሻው ሊሞት ነው፣ እንስበረው’ አልሁት።

‘ሁሉም የልጄ ነው ይላል። ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ማስረጃ አለዎት?’

ምን ማስረጃ አለኝ? ዘንቢልና ቲማቲም ነው የያዝሁት። ስልኬን አውጥቼ ዳዊት ጋ ደወልሁ። ስልኩ የጮኸው እዚያው መኪናው ውስጥ ነው። ለካ ቻርጅ ላይ ሰክቶ ትቶት ኖሯል። የፊት ወንበሩ መሐል ላይ በራ፤ ያ ባለፈው ጥምቀት ያነሳኝ ፎቶዬ ወጣበት፤ ከሥሩ ‘እማዬ’ ይላል። ምናሉ በመስታወቱ አሾልቆ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እንደገና ስልኩን አየ።

‘እርስዎ ነዎት’ አለ። ሮጦ ሄዶ ከመንገዱ ጥግ ከተከመረው ኮብልስቶን አንዱን አንሥቶ መጣ። ሊመታው ሲል እጁን ያዝሁት።

‘ስጠኝ፤ የልጄን መኪና የምሰብረው እኔው ነኝ’ አልሁት።

የመጀመሪያው ምት ነጥሮ መለሰኝ። ሰው ተሰብስቧል። ዘሃራ ጩኸቱን ሰምታ ከሱቋ ደረሰች፤ ‘ጥሩዬ፣ ጥግ ጥጉን ምቺው’ ስትለኝ የፊተኛውን በር መስታወት ከጥጉ አገኘሁት፤ እንደ ጨው ፈሰሰ። ከውስጡ የወጣው ሙቀት ፊቴን ገረፈኝ። ውጭው ትኩስ ነው እያልን አልነበር? ከዚያ ጋር ሲተያይ ውጭው ብርድ ነበር። ምናሉ እጁን አስገብቶ ቁልፉን ከፈተ። እኔም፣ ጌትዬ፣ በሁለት እጄ ሥሩ ገብቼ አነሣሁት። እንደዚያ መክበዱን አላውቅም ነበር። ሰውነቱ ይፋጃል። አቅፌው ወደ ሐይቁ ሮጥሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥሁ ስልህ አትሳቅ።

ዳርቻው ላይ፣ ጥላ ሥር አስተኛሁት። ዘሃራ ከፍሪጇ በረዶ ይዛ መጣች። ደግነቱ የክትባት ካርዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ምናሉ ከካርዱ ላይ ቁጥሯን አይቶ ለሐኪሟ ደወለላት፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሰማን። ‘በረዶውን አታድርጉበት’ አለች፤ ‘የሐይቁን ውሃ አፍስሱበት፤ ሆዱን፣ ብብቱን፣ መዳፉን አርጥቡ፣ አራግቡለት። ካልዋጠ በግድ አታጠጡት። አርጥባችሁ ቶሎ አምጡልኝ።’

ነጠላዬን አውልቄ ጣና ውስጥ ነከርሁት። ያን ለደብረ ታቦር በዓል የገዛህልኝን፣ ጥለቱ አረንጓዴውን ነጠላ። ሆዱን፣ እግሮቹን፣ አንገቱን በሱ አራስሁት። እየደጋገምሁ ነከርሁ፤ እያነሣሁ አራስሁ። ዘሃራ በካርቶን ታራግባለች፤ ምናሉ በባልዲ ያመላልሳል። ‘ሐሙሴ፣ ተነሥ። ሐሙሴ፣ እኔ ነኝ’ እለዋለሁ። በዚያ መሐል ዳዊት የሰዉን ጩኸት ሰምቶ ጁስ ቤቱን ትቶ እየሮጠ ደረሰ። የመኪናውን መስታወት ዞር ብሎም አላየ። ውሃው ጫፍ ላይ ተንበርክኮ ‘ጥላ ነበር፣ እማዬ። ስገባ ጥላ ነበር’ አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውሁት። ‘ና፣ ጭንቅላቱን ደግፈው’ ብቻ አልሁት።

በባጃጅ ወሰድነው። ባጃጁ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ነፋሱ ይገባል፤ ሹፌሩም ነገሩ ገብቶት ጉድጓዱን እየዘለለ በረረ። ሐኪሟ በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ጉሉኮስ ሰቀለችለት። እኛ ወለሉ ላይ፣ በሐሙሴ ግራና ቀኝ ተቀመጥን። እየሠራች ስታስረዳን፣ ውሻ እንደኛ በገላው እንደማያልበው፣ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ እንደሆነ ነገረችን። የሚያለከልከው አየር ራሱ እሳት ከሆነ ምን ያድርግ? የተዘጋ መኪና በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፤ ጣት የምታህል ክፍተት ደግሞ ምንም አትፈይድም፤ ጥላም ይዞራል አለችን። ‘ሕፃን ልጅም ቢሆን እንዲሁ ነው’ ስትል ዳዊት አንገቱን ደፋ።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ እጄ አንገቱ ላይ እንዳለ አንድ ነገር እግሬን ነካ ነካ አደረገኝ። ጅራቱ ነው! ወለሉን ይመታል፤ ቀስ ብሎ፣ እንደገና። ከዚያ ጭንቅላቱን አነሣና ውሃ ፈለገ። ዳዊት እንደ ሕፃንነቱ አለቀሰ። ሐኪሟም ዞር ብላ መስኮቱን የምታይ መሰለች። እኔማ ምን እንዳልሁ አላውቅም፤ ዘሃራ በኋላ ስትነግረኝ ስልክ ደውዬላት ‘ጅራቱ፣ ጅራቱ’ ብቻ ስላት ነበር አሉ።

ያን ቀን ማታ ሐሙሴ ከደጃፌ ወዲህ ገባ። ማንም አላስገባውም፤ እኔው በሩን ከፍቼ ያዝሁለት።

ገና አልጨረስሁም፣ የኔ ጌታ። ሰኞ ዳዊት መስታወቱን ሳያሠራ በፊት እንጨት ቤት ሄዶ ሰሌዳ አስቆረጠ። ከምናሉ ጋር ሆነው ቀለም ቀብተው ሾላው ግንድ አጠገብ አቆሙት። ‘መኪናዎን ከመቆለፍዎ በፊት ወደ ኋላ ይመልከቱ። ነፍስ ያለው ነገር ውስጥ አይቀመጥ’ ይላል። ቃሉ ከማን አፍ እንደመጣ ታውቀዋለህ። እኔ ነኝ ለዳዊት የነገርሁት፤ የወረታዋን ሴትዮ ታሪክ ሰምቶት አያውቅም ነበር። ምናሉ ደግሞ ብሶበታል፤ አሁን እያንዳንዱን መኪና ውስጡን ሳያይ ባለቤቱን አያሳልፍም።

ትናንት ከጎንደር የመጡ ባልና ሚስት ከነልጃቸው ወደ ዘጌ ገዳማት በጀልባ ሊሻገሩ መጡ። ጥጥ የመሰለች ትንሽ ውሻ አላቸው። ገዳም አትገባ፤ መኪና ውስጥ ሊተዋት ሲሉ ምናሉ በሩ ላይ ቆመ። ‘ጌታዬ፣ እኔን ረግጠው ካልሆነ አይቆልፉም’ አላቸው አሉ። ሰውዬው ሊቆጣ ሲል ዘሃራ ‘ለኔ ተውልኝ’ አለች። ሱቋ ጀርባ ባለው ጥላ ሥር አሳሰረቻት፤ ውሃውን በሳህን አድርጋ፣ ሳህኑን በረዥም እንጨት እየገፋች ሰጠቻት። እሷም እኔ በፊት እንደነበርሁት ውሻ አትነካም። ሰዎቹ ሲመለሱ ልጅቷ ውሻዋን አቅፋ አለቅም አለች፤ አባትዬውም የምናሉን እጅ ጨብጦ ሄደ። ዘሃራ ‘ሱቄን የውሻ ማረፊያ አደረጋችሁት’ እያለች ትስቅብኛለች፤ ዛሬ ጠዋት ግን ሁለተኛ ሳህን ገዝታ አየኋት።

እንዲህ ሆነልህ፣ ጌትዬ። አንተ በሌለህበት ያንተ ነገር ሐይቁ ዳር ቆሟል።

ዳዊት ነገ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህን ስጽፍልህ ጣና ላይ ደመናው ጠቁሮ፣ የዘንድሮው የመጀመሪያ ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ጀምሯል፤ ወረቀቴም ረጠበ። ነጎድጓዱን ሐሙሴ አይወደውም፤ እየተንቀጠቀጠ መጥቶ አገጩን እግሬ ላይ አሳርፏል። ይዤው ልግባ። በሩን ዘግተን እንቀመጥና ስላንተ አወራለታለሁ፤ ስምህን ስጠራ ጆሮውን ያቆማል። ዳዊት ሲሄድ በዚህ ቤት ድምፅህን የምናውቅ ሁለት እንቀራለን። እኔም እሱም እስካለን ድረስ አትረሳም።

ያንተው ጥሩወርቅ