ከእኔ የተሻሉ አሉ

ኅዳር 5 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ሰልፍ አልነበረም፤ ተማሪው ቀጥታ ክፍሉ ገባ። ስለዚህ የጠዋቱ የሚኒ ሚዲያ ዝግጅትም ቀረ። የክበቡ ልጆች ዜናቸውን በእጃቸው ይዘው በረንዳ ላይ ቆመው ቀሩ። ዘጠነኛ ሐ ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ሰዋስው... ግማሹ አንቀላፋ። እኔም ብሆን አንቀላፋ ነበር።

በዕረፍት ሰዓት ሃሌሉያ መጣች። አሥረኛ ክፍል ናት፤ ከክበባችን ልጆች ውስጥ እንደሷ የሚጽፍ የለም። «ቲቸር፣ ጽሑፌስ?» አለችኝ። ስለ ሴቶቹ መጸዳጃ ቤት የጻፈችው ነው። በር የለውም። ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፤ አንዷ ሹራቧን ዘርግታ ትከልላለች። ይኼንኑ ነው በአንድ ገጽ የጻፈችው፤ አንድ ክፉ ቃል የለበትም። ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ሃያ ቀኑ። ማኅተም ካላረፈበት ሰሌዳ ላይ አይለጠፍ፣ በማይክ አይነበብ። «አየዋለሁ» ይሉኛል። መቼ ነው የሚያዩት?

ለዚህ ሁሉ በሩን ቢያስገጥሙት አይቀልም?

ኅዳር 8፣ አርብ

የጥሪው ደብዳቤ ደረሰኝ። የጻፍኩት እኔው፣ የደረሰኝም እኔው። የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 23 ነው፤ የቦርድ ምርጫ አለ። ማኅበር ሲሉት ትልቅ ይመስላል። በዞኑ ትምህርት ቤቶች የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተጠሪ የሆንን መምህራን ነን፤ ከቦንጋ፣ ከደካ፣ ከቢታ ገነት፣ ከየወረዳው ተለቃቅመን ሃያ ሦስት ሰው።

እኔ ጸሐፊ ነኝ። ሦስት ምርጫ፣ ሦስቱንም ጊዜ ጸሐፊ። አንዱ ተነስቶ «ጸሐፊ እንኳ ሴት ትሁን» ይላል፣ ሌላው «የእጅ ጽሑፏም ያምራል» ይላል፣ ይጨበጨባል፣ አለቀ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ገሠሠ ናቸው፤ ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ። ደካ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። እኔንም ዘጠነኛ ክፍል አስተምረውኛል። የመተዳደሪያ ደንባችንን አንቀጽ ሰባት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው፦ ማንኛውም የተማሪ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት በርዕሰ መምህሩ ይታያል፣ ማኅተም ያርፍበታል። ይሻሻል ብዬ ሁለት ጊዜ አንስቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ አጀንዳው ሞልቷል ተባልኩ። አጀንዳ የሚያሲዘው ሊቀመንበሩ ነው።

እዚህ ማንም አያይብኝም፣ ልጻፈው። ሊቀመንበር መሆን እፈልጋለሁ።

ጻፍኩት። ብቻዬን ተቀምጬ ፊቴ ጋለ።

ኅዳር 14፣ ሐሙስ

ጋሽ ገሠሠ ለጉዳይ ቦንጋ መጥተው ትምህርት ቤት ድረስ ጎራ አሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከባጃጅ ሲወርዱ ደገፍኳቸው። የሃሌሉያን ጽሑፍ ቅጂ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው እስከ መጨረሻው አነበቡት፣ አንድ ነጠላ ሰረዝ አረሙ፣ ጎበዝ ልጅ ናት አሉ። ማኅተሙ ላይ ግን ፍንክች የለም።

«ማኅተሙ ጃንጥላ ነው ላቀች» አሉኝ። «ዝናብ ሲመጣ በርዕሰ መምህሩ ላይ ይውረድ። በልጅቷ ላይ ይውረድ? ባንቺ ላይ ይውረድ?»

አንቀጹን ያረቀቁት በ98 ነው፤ ያኔ ጊዜው እንዴት እንደነበር እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ለኛ ብለው ነው። ግን እኮ ስድስት ዓመት ሆነው... ይኼን ለምን እዚያው አልተናገርኩትም? ሁልጊዜ መልሱ የሚመጣልኝ ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው።

ኅዳር 17፣ እሑድ

ባፈና ከቢታ ገነት ደወለ። ፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ ሆዱ ያለውን አፉ የማይደብቅ። ስብሰባው ላይ ለሊቀመንበርነት ሊጠቁመኝ ነው። ኧረ ተው፣ እኔ ምን አቅም አለኝ አልኩት። ስልኩን ስዘጋ ግን ብቻዬን ፈገግ አልኩ፣ በደስታ።

አምባው ሰምቶኛል። ከባሌ አንድ ነገር መደበቅ አልሆን ብሎኛል። «እፈልጋለሁ ብለሽ ንገሪያቸዋ» አለኝ። እንዴት ተብሎ? ወንበር ፈላጊ መባል ነው የሚተርፈኝ። ወጉ ይታወቃል። ይጠቁሙሻል። «ከእኔ የተሻሉ አሉ» ትያለሽ። «ኧረ ትችያለሽ» ይሉሻል። አንድ ሁለቴ ትግደረደሪያለሽ፣ በሦስተኛው «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ» ብለሽ ትቀመጫለሽ። ጋሽ ገሠሠ ሦስቱንም ጊዜ እንዲህ ነው የተመረጡት።

አምባው ሳቀብኝ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ብሎኝ ወጣ። ለሱ ቀላል ነው፤ ማር ነጋዴ ሸቀጡን ካላሞገሰ አይሸጥም።

ኅዳር 23፣ ቅዳሜ

አለቀ። ጸሐፊ ነኝ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ምርጫውን እንድታስፈጽም ሳምሪ ተመረጠች። የኛው ትምህርት ቤት የአይ.ሲ.ቲ. መምህርትና የክበባችን ሁለተኛ ተጠሪ ናት፤ ዘንድሮ ነው ከአዲስ አበባ የተመደበችው። አዲስ ስለሆነች አታዳላም ተባለ። ጠመኔ ይዛ ስም መጻፍ ጀመረች። መጀመሪያ ጋሽ ገሠሠ ተጠቆሙ። ደክሞኛል፣ ወጣት ይምጣ አሉ። ንግግራቸውን ሳይጨርሱ አዳራሹ ተንጫጫ፤ ሁለቴ ተለምነው ዝም አሉ፣ ስማቸው ተጻፈ። ባፈና ተጠቆመ፤ እሱ ምንም አላለም። ቀጥሎ ባፈና እኔን ጠቆመ።

ተነሳሁ። «አመሰግናለሁ» አልኩ። «ግን ከእኔ የተሻሉ አሉ።»

«እሺ፣ ራሳቸውን አግልለዋል» አለች ሳምሪ። ጽፋው የነበረውን «ላ» በዳስተር አጠፋችው።

ቆሜ ቀረሁ። አንድ ሰው «ኧረ ትችያለሽ» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ሊል የነበረ ሰውም ነበር፤ አፉን ሲከፍት አይቻለሁ። ግን ሳምሪ ወደ ድምፅ አሰጣጡ አልፋለች፤ የደካዎቹም ሚኒባሱ እንዳያመልጣቸው ሰዓታቸውን ያያሉ። ተቀመጥኩ። ምን ይደረጋል? እጅ ወጣ። ጋሽ ገሠሠ አሥራ ዘጠኝ፣ ባፈና አሥራ ስድስት። ጭብጨባ። ከዚያ «ጸሐፊ እንኳ ሴት ትሁን» መጣ። ያን ጊዜ አልተግደረደርኩም፤ ማን ሰምቶኝ?

አምባው ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ራሴን አሞኛል አልኩት።

ኅዳር 25፣ ሰኞ

ሳምሪ ስታፍ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። «እትዬ ላቀች፣ ቅዳሜ ይፈልጉ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ፊቴን አይታ መሆን አለበት። ኧረ እኔ፣ ምኔ ሞኝ አልኳት። አመነችኝ። ልጅቷ ምን ታድርግ? የተባለችውን ነው የምትሰማው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ሁለት ጊዜ።

ኅዳር 28፣ ሐሙስ

ቃለ ጉባኤውን በንጹሕ ስገለብጥ እጄ ቆመ። አሥራ ዘጠኝ እና አሥራ ስድስት ሠላሳ አምስት ነው። የተገኘው ሰው ሃያ ሦስት።

እንደገና ደመርኩ። ሠላሳ አምስት።

ገባኝ። ሰው ለሁለቱም እጁን አውጥቷል። ጋሽ ገሠሠ ፊት ለፊት እያዩህ እንዴት አታወጣም? ባፈና ጎንህ ተቀምጦስ? እኔ ራሴ ለሁለቱም አውጥቻለሁ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ የኛን ቃለ ጉባኤ የሚያነብ የለም። ብናገር ምርጫው ይፈርሳል። ብናገር ደግሞ ለእውነት ብዬ ነው ወይስ ለወንበሩ? ለሁለቱም ነው። እዚህ ላይ እንኳ አልዋሽ።

ለጋሽ ገሠሠ ደወልኩ። «ሠላሳ አምስት?» ብለው ሳቁ። ይደገም እንጂ ምን ይደረጋል፣ ጥሪውን ጻፊ፣ ድምፁ በወረቀት ይሁን አሉኝ። ቅር ያላቸው አይመስልም። ወይስ እኔ እንደዚያ እንዲሆን ፈልጌ ነው?

ታኅሣሥ 3፣ ማክሰኞ

ሃሌሉያ ከክበቡ ስሟን አስፋቀች። ቀይ መስቀል ክበብ ገብታለች። ለምን አልኳት።

«እዚያ የምንሠራው ይታያል ቲቸር» አለችኝ። በክፋት አይደለም። ጽሑፏ ዛሬ አርባ ስምንት ቀኑ።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሽንኩርት እንኳ አልከተፍኩም ነበር፣ የማሳብበው አጣሁ።

ታኅሣሥ 9፣ ሰኞ

መስታወት ፊት ቆሜ «እፈልጋለሁ» አልኩ። አምባው ከጓሮ «ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። ምንም አልኩት።

ታኅሣሥ 12፣ ሐሙስ

ባፈና ደወለ። ላቀች ምርጫ አፈረሰች ይባላል አሉ። በዚህ ጭቃ ሁለተኛ ልታመላልሰን ነው የሚሉም አሉ። ከቢታ ገነት ቦንጋ በክረምት መንገድ... ኅዳር አልፎም ዝናቡ አልተወንም፣ እውነታቸውን ነው። ከሃያ ሦስቱ ስንቱ ተቀይሞኛል? ልቅር ይሆን? ጸሐፊ ሆኜ ብቀጥል ማንም አይቀየመኝም። አንቀጽ ሰባትም ባለበት ይቀጥላል፣ ሃሌሉያም ባለችበት።

አልቀርም።

ታኅሣሥ 14፣ ቅዳሜ

ሃያ ሦስቱም መጡ። ጫማቸው ሁሉ ጭቃ ነው። ሰላም ሲሉኝ እንደወትሮው ጉንጬን ሳሙኝ፤ ሁለት ሰው ብቻ በእጅ ጨበጠኝ። ቆጠርኳቸው።

ባፈና ራሱን አገለለ። እሱ የእውነቱን ነው፤ ዝውውር ወጥቶለት ወደ ጅማ ሊሄድ ነው። ጋሽ ገሠሠ ተጠቆሙ፣ እንደልማዳቸው ተለመኑ። ባፈና ደግሞ እንደገና እኔን ጠቆመ። ሳምሪ ጠመኔዋን ይዛ ዞረች።

«እትዬ ላቀች፣ ይቀበላሉ?»

«እቀበላለሁ» አልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ቀጠልኩ። «እፈልገዋለሁም። አንቀጽ ሰባትን አጀንዳ ማስያዝ እፈልጋለሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው አሳለው። ሁለት ሰዎች ተያዩ። ጋሽ ገሠሠ እስክሪብቷቸውን ያያሉ። የምገባበት ቀዳዳ ባገኝ እገባ ነበር። ግን ስሜ ሰሌዳው ላይ ተጻፈ፣ ሙሉው።

ሳምሪ ከደብተር የቀደደችውን ቁራጭ ወረቀት አደለች። የለመድነው እጩ ድምፁን ለተፎካካሪው ሲሰጥ ነው። ለራሱ የሚሰጥ ሰው ምን ይባላል? ወረቀቷን በመዳፌ ሸፍኜ ብዙ ቆየሁ። የእጅ ጽሑፌን ሃያ ሦስቱም ያውቀዋል። ስሜን እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ አንጋድጄ ጻፍኩና አጥፌ ካርቶኑ ውስጥ ጣልኳት።

ሳምሪ አንድ በአንድ እያነበበች ሰሌዳው ላይ ጭረት ታደርጋለች። አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሆነን አንዲት ወረቀት ቀረች። ገለጠቻት። «ላቀች» አለች።

አሥራ ሁለት ለአሥራ አንድ። የመጨረሻዋ ወረቀት የማን እንደነበረች አላውቅም። ግን ከአሥራ ሁለቱ አንዷ የኔ ናት። ለጋሽ ገሠሠ ጽፌ ቢሆን ኖሮ አሥራ ሁለቱ የእሳቸው ነበር።

ቀድመው ተነስተው ያጨበጨቡት እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸውን ይዘው።

ከዚያ አንዱ ሳምሪን እያየ «ጸሐፊ እንኳ ሴት ትሁን» አለ። አልፈልግም አለች። በቃ፣ ወደ ሌላ ሰው አለፉ። እንዲህም ይቻል ኖሯል?

ታኅሣሥ 16፣ ሰኞ

እንኳን ደስ ያለሽ ይሉኛል። ደስ ብሎኛል። ያቺ ወረቀት ትዝ ስትለኝ ደግሞ አፍራለሁ። ለአምባው ብቻ ነገርኩት። «ታዲያ ለማን ልትሰጪ ነበር?» አለኝ፣ ገርሞት።

ታኅሣሥ 18፣ ረቡዕ

ቀጣዩ ጉባኤ ጥር 19። የመጀመሪያው አጀንዳ አንቀጽ ሰባት። ለሃሌሉያ ነገርኳት። «እሺ ቲቸር» አለችኝ። ወደ ክበቡ ግን አልተመለሰችም። ልትመለስም አይገባትም፣ ገና ምን አየች?

ታኅሣሥ 21፣ ቅዳሜ

ርክክብ። ጋሽ ገሠሠ የማኅበሩን ማኅተምና አራት ፋይል በፌስታል ይዘው ከደካ መጡ። ሻይ ቤት ተቀመጥን። ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየገለጡ አሳዩኝ፤ በስድስት ዓመት አንዲት ወረቀት አልጠፋችም። ፈረሙ፣ ፈረምኩ።

ጥር 19 አንቀጽ ሰባት ላይ እንደሚቃወሙኝ ፊት ለፊት ነገሩኝ። ይቃወሙኝ ጋሽ አልኳቸው። ከልቤ ነው፤ እሳቸው የሚሉት ነገር እንዲሰማ እፈልጋለሁ። ከዚያ ሻያቸውን ያማስሉ ጀመር።

«እኔ እኮ ላንቺ ነው የጻፍኩት» አሉኝ በመጨረሻ። «እጩ ለራሱ አይሰጥም። አንቺም ለእኔ እንደጻፍሽ አውቃለሁ። ያንቺ ሲነሳ ከልቡ የመረጠኝ ሰው አሥር ነው ማለት ነው። ለስድስት ዓመት አሥር ሰው።»

ዝም ብል ያልፍ ነበር። «አዎ ጋሽ» ብላቸው ደግሞ ደስ ይላቸዋል፤ ያስተማርኳት ልጅ ወግ ታውቃለች ብለው ይሄዳሉ። «አዎ» የሚለው ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር።

«ለእርስዎ አልጻፍኩም ጋሽ» አልኩ። «ለራሴ ነው የጻፍኩት።»

ማንኪያቸው ቆመ። ብዙ አዩኝ፤ ዘጠነኛ ክፍል የቤት ሥራ ሳልሠራ ስመጣ ያዩኝ እንደነበረው። ተነስተው የሚሄዱ መሰለኝ።

«እንግዲያው አሥራ አንዱም የእውነት ናቸው» አሉ ቀስ ብለው። እንደገና በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ አሰሉት፣ ፊታቸው ፈታ አለ። «አሥራ አንድ።»

ሻዩን እኔ ልክፈል አሉ። እሺ አልኳቸው።