ድመታችንን ወንድ ላደረጉልን ኃላፊ

ለተከበሩ የድንበር ኬላ የእንስሳት ጤና ቁጥጥር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ወንበርዎም፣ ያ ከእጅዎ የማይለየው ማኅተምም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን። እንዲያውም በጣም ደህና ከመሆናችን የተነሣ፣ ደስታዬን አፍኜ ብቀመጥ ያንቀኛል ብዬ ነው በአደባባይ የምጽፍልዎት።

ካላስታወሱኝ፣ በአንድ እጇ እናቷን፣ በሌላው የድመት ቅርጫት ይዛ መስኮታችሁ ሥር ስትለማመጥ ያረፈደችው ወፈር ያለች ሴት እኔ ነኝ። የእናቴ አንድ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀረውም እየጠፋ ነበር። ከድንበሩ ማዶ ባለው ሆስፒታል ከሩቅ አገር የመጣ ሐኪም ለዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀጥሯት ነበር፤ እሱም ማታውኑ ወደ አገሩ ተመላሽ ነው። ከታከመች በኋላ እዚያው ወንድሜ ዘንድ ልትኖር ስለሆነ ድመቷንም ይዘን ተነሣን። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ የልቧን የምታጫውተው ድመቷን ነው፤ ከእኔ ጋርማ ወሬያችን ስለ ጨው መብዛት ብቻ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. አሟሉ ያላችሁንን ሁሉ አሟልተናል። መለያ ቁጥሯን የያዘ ቺፕ ከቆዳዋ ሥር አስቀበርን። ውሻ አለመሆኗን ብናስረዳም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከተብናት። የትል መድኃኒት አስዋጥናት፤ ጭረቱ ዛሬም ክንዴ ላይ አለ። እኔ ስወለድ እንኳ ይህን ያህል የመረመረኝ የለም።

፪. በከተማችን ላለው የቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤታችሁ ሐኪም ልዩ ምስጋናዬ ይድረስልኝ። እኚህ ሰው የድመት ፀጉር ያስነጥሳቸዋል። ስለዚህ መርፌውን ለረዳታቸው ትተው፣ እሳቸው ኮሪደር ላይ ቆመው፣ መሐረብ አፍንጫቸው ላይ ይዘው፣ በበሩ ክፍተት አሻግረው እያዩ የጤና ምስክር ወረቀቱን ሞሉ። ጾታ በሚለው ላይም «ወንድ» ብለው ጻፉ። ማኅተሙን ካየሁ በኋላ እኔም ሌላውን አላነበብኩም፤ ማንስ ያነባል?

፫. መስኮቱ ላይ ያለው ባልደረባዎ ግን ጎበዝ ነው። ቅርጫቱን ከፍቶ፣ ጭራዋን አንሥቶ፣ እንደ ወርቅ አንጥረኛ አተኩሮ አየና «እህቴ፣ ይህቺ ሴት ናት፤ ወረቀቱ የሌላ ድመት ነው» አለኝ። የቺፑ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን መሣሪያው እየጮኸ ቢነግረውም አልተበገረም። ወይ ተመልሰን ወረቀቱን እናሳርም፣ ወይ ድመቷ ኳራንቲን ትግባ። ሐኪሙ ደግሞ የዓመት ፈቃድ ላይ ናቸው፤ ማስነጠሱ አድክሟቸው ይሆናል።

ሰዓቱ ይሄዳል። የመጣንበት አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ክላክሱን ያስጮኻል፤ ሾፌሩ «ትመጫለሽ ወይስ ልሂድ?» ይላል። ባልደረባዎ አዝኖ «እማማ፣ ድመቷን ለእኛ ይተዉና ዓይንዎን ይታከሙ» ቢላት፣ አግዳሚው ላይ ተደላድላ ተቀመጠችና «ልጄ፣ ዓይኔ ቢበራ ማንን ላይበት ነው?» አለችው። የወለደችኝ ልጇ አጠገቧ ቆሜያለሁ እኮ! ይሁን፣ እሱን ለብቻችን እንነጋገርበታለን። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩባት፤ ንቅንቅ አላለችም። ያን ጊዜ እውነቴን ነው፣ ፈራሁ። ያ ከሰዓት በኋላ ካመለጠን ዓይኗም አብሮ እንደሚያመልጠን አውቀው ነበር።

፬. በመጨረሻ እርስዎ ከቢሮዎ ወጡ። ከኋላዬ የተሰለፈው የከባድ መኪና ሾፌር «ጌታዬ፣ ድመቷን ያስቀሩና ወረቀቱን ያሳልፉት፣ ጤነኛው እሱ ነው!» ብሎ ሰዉን ሁሉ ሲያስቅ እርስዎ አልሳቁም። ድመቷን አዩ። ወረቀቱን አዩ። ማኅተሙን በጣትዎ ዳሰሱ። ከዚያም «ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አይሳሳትም። ወንድ ነው፣ ይለፍ» ብለው ፈረዱ።

ፈጣሪ ያበጀውን በአንድ ቃል የሚለውጥ ባለሥልጣን ስላቆመልን ተመስገን እያልኩ፣ ሐሳብዎን ሳይቀይሩ እናቴን ጎትቼ ሮጥኩ። ሐኪሙ እጁን ሊታጠብ ሲል ደረስንበት።

ፋሻው ሲነሣላት እናቴ መጀመሪያ ያየችው ድመቷን ነው፤ «ማን ነው ነጭ ናት ያለኝ? አመድ አይደለች እንዴ!» አለች። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረችና ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አየችኝ። «ወፍረሻል» አለችኝ። በሕይወቴ እንዲህ የሚጣፍጥ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

ለሥልጣንዎ ያለኝ አክብሮት፣ ለሎጂክዎ ያለኝ አድናቆት፣ ለወንበርዎም ያለኝ ርኅራኄ እንደተጠበቀ ሆኖ፣

የወንዱ ድመት እመቤት ልጅ

ማስታወሻ፦ የዓይን ሐኪሙ በቅርቡ ተመልሶ ይመጣል። እናቴ «ያ ድምፁን እንጂ መልኩን ያላየሁት ልጅ ከእኔ ይብሳል» ብላ ቀጠሮ አስይዛልዎታለች። ድንበሩን ሲሻገሩ ግን መታወቂያዎ ላይ የተጻፈውን ጾታ አስቀድመው ይመልከቱ፤ ማኅተም ካረፈበት እንግዲህ ምንም ማድረግ አይቻልም።